ከመበሳት በኋላ የሚመጣ የልብ ኢንፌክሽን

ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስ ወይም እምብርት ተበስቶ ጌጥ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ያልፋል። ቢብስ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። አልፎ አልፎ ግን ባክቴሪያ ከቁስሉ ወደ ደም ይገባና ልብ ላይ ያርፋል። ሐኪሞች ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይተስ የሚሉት በሽታ ይህ ነው። የልብን የውስጥ ሽፋን፣ በተለይም ቫልቮቹን፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉትን በሮች ያጠቃል። የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው፤ ከያዘ ግን ቀልድ አያውቅም።

ዋናው ተጠርጣሪ ቆዳና አፍንጫ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው። ጤነኛ ቫልቭንም አይምርም። ምላስ ሲበሳ ደግሞ እንደ ስትሬፕቶኮከስ ያሉት የአፍ ባክቴሪያዎች መንገድ ያገኛሉ። ቫልቩ ላይ የተጣበቀው ባክቴሪያ ከረጋ ደም ጋር ተጋግሮ ጓል ይሠራል። ከዚያ ላይ ቁራጭ ተላቆ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። ቫልቩ ከተበላ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል፣ ልብም ይደክማል።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸው፣ በሽታው ቀድሞ ይዟቸው የነበሩና አንዳንድ የልብ ችግር ይዘው የተወለዱ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። የአውሮፓ የካርዲዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ እነዚህ ሰዎች ባይበሱ ይመረጣል ብሏል። ቢሆንም ልባቸው ጤነኛ የነበሩ ወጣቶችም ታመዋል።

አስቸጋሪው ነገር ጊዜው ነው። የእምብርት ቁስል እስኪድን ወራት ይፈጃል። ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ሌሊት በላብ መጠመቁ ሲመጣ መበሳቱን ማን ያስታውሳል? ጉንፋን ነው ተብሎ ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ይዋጣል። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን ይበርዳል፤ ባክቴሪያው ግን እዚያው ነው። ይባስ ብሎ በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለየው የደም ካልቸር ምርመራ በመድኃኒቱ ምክንያት ባዶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ደም የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጊዜ፣ ከተለያየ ቦታ ነው። ጥፍር ሥር እንደ ስንጥር የሚታዩ ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮችም ፍንጭ ይሰጣሉ። ቫልቩ በልብ አልትራሳውንድ ይታያል፤ በደረት በኩል ካልጠራ መሣሪያው በጉሮሮ ይገባል።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። ቫልቩ ክፉኛ ከተጎዳ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። የዳነ ሰውም እንደገና የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ጥርሱን ከመነቀሉ በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል።