የራስን ሬዲዮ ለሥራ መግዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥበቃ ላይ፣ ግንባታ ላይ ወይም ትልልቅ ዝግጅቶች ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ የመገናኛ ሬዲዮ (ዎኪ ቶኪ) ያስመርረዋል። ባትሪው ግማሽ ቀን አይቆይም፤ የቀበቶ ማንጠልጠያው ተሰብሯል፤ ድምፁም ይቆራረጣል። "ለምን የራሴን አልገዛም?" ይላል። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ገንዘብ የሚያስበላው ግምቱ ነው።

"ሞዴሉ አንድ ከሆነ ይገናኛል"

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሞዴል በሁለት ባንድ፣ ማለትም በሁለት የተለያየ የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ሊሸጥ ይችላል። አንዱ ቪኤችኤፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ፤ ሌላው ዩኤችኤፍ፣ ለምሳሌ ከ400 እስከ 470። መልካቸው አንድ ነው፤ ግን አንዱ ሌላውን ፈጽሞ አይሰማም። ይህን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አያስተካክለውም። ሻጩን ከማመን ባትሪውን አውጥቶ ከጀርባው የተለጠፈውን ማንበብ ይሻላል።

ባንዱ ቢገጥምም ገና ነው። የሥራ ባልደረባችሁ "ቻናል 3 ላይ ነን" ቢላችሁ፣ ያ 3 ቁጥር በእነሱ ሬዲዮ ላይ የተሞላ ተራ ቁጥር እንጂ ፍሪኩዌንሲ አይደለም። የእናንተ 3 ባዶ ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ሪፒተር (መልእክቱን ተቀብሎ አጠናክሮ መልሶ የሚልክ ጣቢያ) የሚጠቀም ከሆነ መላኪያውና መቀበያው ፍሪኩዌንሲ ይለያያል። ዲኤምአር የተባለው የዲጂታል ዓይነት ከሆነ ደግሞ የከለር ኮዱ (የሥርዓቱ መለያ)፣ የታይም ስሎቱ (ፍሪኩዌንሲው በጊዜ የተከፈለበት ተራ) እና የቶክ ግሩፑ (የተነጋጋሪው ቡድን) ቁጥር አንድ በአንድ መግጠም አለበት። እነዚህ ቁጥሮች ያሉት ሬዲዮዎቹን ፕሮግራም በሚያደርገው ባለሙያ እጅ ነው። ስለዚህ ከሱቁ በፊት እሱን ማናገር ነው።

"በገንዘቤ የገዛሁትን ማን ይከለክለኛል?"

ሬዲዮው የእናንተ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ግን አይደለም። በአብዛኛው አገር ፈቃዱ የተሰጠው ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ያለ እሱ ይሁንታ በዚያ ፍሪኩዌንሲ መልእክት መላክ ሕግ መጣስ ይሆናል። ምስጠራ (ንግግሩን ለሌላ ሰው እንዳይገባ መቆለፍ) የሚጠቀም ድርጅትማ የሚፈታበትን የቁልፍ ኮድ በግል ዕቃ ላይ መጫን ላይፈልግ ይችላል። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሥራ ስትለቁ ፕሮግራሙ እንዲጠፋ እንደሚጠየቅም ከወዲሁ እወቁት።

ነዳጅ ወይም ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ግን ነገሩ ከፈቃድም ያልፋል። እዚያ የሚገባው ለእንዲህ ያለ ቦታ ተፈትሾ ማረጋገጫ ያገኘ ሬዲዮ ብቻ ነው። ባትሪውም ጭምር። ማረጋገጫ ባለው ሬዲዮ ላይ ርካሽ ባትሪ ከገጠማችሁ ማረጋገጫው ዋጋ የለውም።

"ሳጥኑ 50 ኪሎ ሜትር ይላል"

ከተራራ ጫፍ ወደ ተራራ ጫፍ፣ መሀል ላይ ምንም ሳይኖር፣ ምናልባት። ኮንክሪትና ብረት ባለበት ሕንፃ ውስጥ ጥቂት ፎቅ ማቋረጥም ሊያቅት ይችላል። ዋቱ (የመላኪያው ኃይል) ላይም ብዙ አትጨነቁ። ምንም በማይጋርድ ሜዳ ላይ እንኳ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከ4 ዋት ወደ 5 ዋት ብትወጡ ልዩነቱን ጆሯችሁ አይለየውም። ይልቅ አንቴናው ላይ አተኩሩ፤ አጭር ስለሆነ ብቻ የሚመረጠው አንቴና፣ በተለይ ቪኤችኤፍ ላይ፣ ርቀት ይበላል።

"የግላዊነት ኮድ ካስገባሁ ማንም አይሰማኝም"

ስሙ ነው ያሳሳተው። ኮዱ ብዙውን ጊዜ ከ67 እስከ 254 ኸርዝ አካባቢ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ሥራውም የሌሎችን ወሬ ከእናንተ ስፒከር መዝጋት ብቻ ነው። የእናንተን ወሬ ግን ኮዱን ያጠፋ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሚስጥር ከፈለጋችሁ ምስጠራ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

"ዲጂታል ከሆነ ሁሉም ያው ነው"

አይደለም። ዲኤምአር፣ ኤንኤክስዲኤን እና ፒ25 የተባሉት የዲጂታል ዓይነቶች በዲጂታል እርስ በርስ አይግባቡም። መሥሪያ ቤታችሁ አናሎግ ከሆነ ደግሞ ዲጂታሉ ሬዲዮ አናሎግም መሥራቱን አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ይሠራሉ።

"አይፒ67 ስለሆነ ውኃ አይነካውም"

ደረጃው አቧራ የማያስገባ፣ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚቋቋም ማለት ነው፤ እሱም ሬዲዮው እንደተገጣጠመ ሲሆን። የጆሮ ማዳመጫውን ለመሰካት ጎኑ ላይ ያለችውን የጎማ ክዳን ትከፍታላችሁ፤ ብዙ ሬዲዮ ላይ መከላከያው በዚያው ያበቃል። ቀኑን ሙሉ በማዳመጫ የምትሠሩ ከሆነ፣ ሲሰካም ውኃ የማያስገባ በብሎን የሚጠብቅ መሰኪያ ያለውን ፈልጉ።