«ቅድስት ኮሎኒያ»፦ የአባባሉ ትርጉምና መነሻ

«ቅድስት ኮሎኒያ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ የሮም ቤተ ክርስቲያን ታማኝ ልጅ።» ይህ የላቲን አባባል የጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ በ12ኛው መቶ ዘመን ባሠራችው ማኅተም ዙሪያ ተቀርጿል። በማኅተሙ መካከል ቅዱስ ጴጥሮስ በቅጥርና በማማ ተከቦ፣ ቁልፉን ይዞ ተቀምጧል። አባባሉ ከተማይቱ ለሮም ያላትን ታማኝነት ይመሰክራል፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን «ቅድስት» የሚለው ቅጽል ያረፈበት ቃል ነው።

«ኮሎኒያ» መጀመሪያ የተጸውዖ ስም አልነበረም። ሮማውያን ዜጎቻቸውን፣ በተለይም አገልግሎታቸውን የጨረሱ ወታደሮችን፣ ላሰፈሩባት ከተማ የሚሰጡት ማዕረግ ነበር። በሐዋርያት ሥራ 16፥12 የግሪክኛው ንባብ ፊልጵስዩስን የሚጠራት በዚሁ ቃል ነው። በራይን ወንዝ ዳር የነበረችው ሰፈር ማዕረጉን ያገኘችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ50 ሲሆን፣ ምክንያቱም የቄሳር ቀላውዴዎስ ሚስት አግሪፒና የተወለደችው እዚያው በመሆኑ ነው። ሙሉ ስሟም «ኮሎኒያ ክላውዲያ አራ አግሪፒነንሲዩም» ተባለ፤ አራ መሠዊያ ማለት ነው። ከሰሜኑ የከተማ በር በተረፈው የድንጋይ ቅስት ላይ የአራቱ ቃላት መነሻ ፊደላት ዛሬም ይታያሉ። በዘመናት ውስጥ ቄሳሩም፣ ንግሥቲቱም፣ መሠዊያውም ከስሙ ወጥተው ተራው ቃል ብቻውን ቀረ፤ ጀርመኖችም «ኮልን» አሉት።

በ1164 የሰብአ ሰገል ነው የሚባለው አጽም ከሚላኖ ሲመጣ «ቅድስት» መባሏ ጸና፤ ከተማይቱም የተሳላሚዎች መናኸሪያ ሆነች። አጽሙ ያለበት ካቴድራል ግንባታ በ1248 ተጀምሮ የተፈጸመው በ1880 ነው።

ስሙ ግን በቤተ ክርስቲያን አልተወሰነም። ጣሊያናዊው ሽቶ ቀማሚ ዮሐን ማሪያ ፋሪና በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሽቶውን በፈረንሳይኛ «የኮሎኝ ውሃ» ብሎ በተቀበለችው ከተማ ስም ሰየመው፤ በ1839 የተቋቋመ የእሳት መድን ድርጅት ደግሞ ላቲኑን ሳይለውጥ «ኮሎኒያ» ተባለ። የዶይቸ ቬለን የአማርኛ ሬዲዮ ከ2003 በፊት ይከታተል የነበረ አድማጭም ስርጭቱ ይዘጋጅ የነበረባትን ይህችን ከተማ በስም ያውቃታል።

በከተማይቱ ዛሬም «ቅድስት ኮልን» ሲባል ይሰማል፤ በአሮጌው ከተማ ካቴድራሉን ሳይጨምር ሮማነስክ በሚባለው የመካከለኛው ዘመን የሕንጻ ስልት የተሠሩ አሥራ ሁለት ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ቆመዋል።