«ጂኑን ካስገባህ አለቀ» የሚለው ስህተት

ጣና ዳር ስለ ወባና ስለ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ሲወራ አንድ አባባል አይጠፋም፦ «የአርቴሚሲኒንን ጂን ከተክሉ ወስዶ እርሾ ውስጥ መክተት ነው፤ ከዚያ እርሾው ራሱ ያመርታል።» ይህን መስማት ሰልችቶናል። አርቴሚሲኒንን ብቻውን የሚሠራ ጂን የለም፤ ብዙ ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ የሚሠሩት ነው። እርሾውም ፋርኔሲል ፓይሮፎስፌት የተባለውን ጥሬ ዕቃ ለሕዋስ ሽፋኑ ለሚያስፈልገው ኤርጎስቴሮል ለተባለ ስብ ይፈልገዋል። ወደዚያ የሚወስደውን ኢአርጂ9 የተባለ ጂን ፈጽሞ ቢያጠፉት እርሾው ይሞታል፤ ስለዚህ በልክ ማዳከም የግድ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው በሊትር 25 ግራም ምርት አርቴሚሲኒክ አሲድ የተባለው መነሻ ውህድ እንጂ አርቴሚሲኒን አልነበረም። ቀሪውን ኬሚስቶች ከእርሾው ውጭ ጨረሱት።

ጂኑ ቢሳካ እንኳ እርሾና ፈንገስ ላብራቶሪ ውስጥ ሲያድግ የከፍታ ጣጣ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ዕቃን በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ኦቶክሌቭ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) ሲያሳይ 121 ዲግሪ ደረሰ ብሎ ሰዓት መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው፤ እዚህ 118 አካባቢ ነው። ለ121 ወደ 18 ፒኤስአይ ያስፈልጋል፤ ኦቶክሌቩ ይህን ግፊት የማይችል ከሆነ የማምከኛውን ጊዜ አርዝሙ። አለዚያ የተረፈ ስፖር፣ ማለትም ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር፣ በማግስቱ ፍላስኩን ያደፈርሰዋል። አየሩም በ20 በመቶ ገደማ ስስ ስለሆነ ፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ያንሳል። በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ከ50 ሚሊ በላይ አትሙሉ። እንደ አስፐርጊለስ ያሉት ክር የሚሠሩ ፈንገሶች ትልልቅ ኳስ ከሠሩ መሀላቸው ይታፈናል፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የተዘራው የፈንገሱ ስፖር (ዘር) ማነሱ ነው። በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ገደማ ዝሩ።

«የሻገተ እንጀራ ፔኒሲሊን ነው» ለሚሉ፦ አይደለም፣ ይጣል። ዝርያው በዓይን አይለይም፣ መርዝ የሚያመነጭም አለ።

«እምቦጩን ለአስፐርጊለስ ናይጀር እንስጠውና ሲትሪክ አሲድ ይሥራልን» የሚለው ለሐይቁ ከመቆርቆር ስለሚመነጭ በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። ፈንገሱ አሲዱን በብዛት የሚያከማቸው በሊትር ከ100 ግራም በላይ ስኳር ሲያገኝ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ3 በታች ሲሆንና ማንጋኒዝ የተባለው ብረት እጅግ ሲያንስ ነው። እምቦጭ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው፤ ደርቆ የሚቀረው በአብዛኛው ገና ወደ ስኳር መሰበር ያለበት ቃጫ ነው፣ ብረታ ብረትንም ከውኃው ይስባል። ሞላሰስ እንኳ፣ ስኳሩ ሞልቶት ሳለ፣ ብረታ ብረቱ ካልተወገደለት አይበጅም። የደረቀ እምቦጭ ለኦይስተር እንጉዳይ ማብቀያ ይሻላል፤ እንጉዳዩ ቃጫውን ራሱ ይሰብረዋል። ለምግብ ከሆነ ግን እንጉዳዩ እርሳስና ካድሚየም እንዳልያዘ ቀድሞ ይመርመር።