«ስንት ዋት ነው?» ከማለታችን በፊት፦ ትንሽ የቤት ስቴሪዮ ስንገዛ የሚያሳስቱን አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ለኮንዶሚኒየሙ ሳሎን የሚሆን ስቴሪዮ ሊገዛ ፈልጎ አብረን ሱቅ ለሱቅ ዞርን። በየገባንበት የሚነገረን አንድ ዓይነት ነገር ነው። አብዛኛው ደግሞ ልክ አይደለም። ትንሽ ብር ያለውን ሰው እንዲህ ያለ ምክር ይጎዳዋል፤ ተሳስቶ ከገዛ ሌላ የሚገዛበት የለውም። ስለዚህ የሰማነውን አንድ በአንድ ላንሳው።

«ዋቱ ትልቅ ከሆነ ጥሩ ነው»

ካርቶኑ ላይ «2000 ዋት» ካያችሁ አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «ፒኤምፒኦ» (PMPO) ካለ ቁጥሩን እርሱት። ሁሉም የተስማማበት አለካክ የለውም፤ አምራቹ እንደፈለገ ያሰላዋል። የሚጠቅማችሁ «አርኤምኤስ» (RMS) የሚለው ነው። እሱ መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚችለውን ይናገራል። ካልተጻፈ ደግሞ ዕቃውን አዙሩትና ከጀርባው የተለጠፈውን እዩ። ከሶኬት የሚወስደው 60 ዋት ከሆነ ያለማቋረጥ 2000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ያልበላውን ከየት ያመጣል?

ዋት ሲያድግ ድምፅ በዚያው ልክ አያድግም። ከ50 ወደ 100 ዋት ስንሄድ የምናገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ለጆሮ ትንሽ ከፍ አለ ያሰኛል እንጂ እጥፍ አይሆንም። እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ቡና እየጠጣን፣ እያወራን የምንሰማው ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ዋት አያልፍም። ለተለመደ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ለእያንዳንዱ ስፒከር 20 ወይም 30 እውነተኛ ዋት ይበቃል።

«ቤዙ ከመታ አለቀ»

በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። የኛ ሙዚቃ ጌጡ የሰው ድምፅ ነው። የማሲንቆው የፈረስ ጭራ ሲፋተግ፣ ክራሩ ሲነካ፣ ዘፋኟ ስታንጎራጉር፣ ይሄ ሁሉ በአብዛኛው ያለው በወፍራሙና በቀጭኑ መካከል፣ መሃለኛው ድምፅ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ሳብዉፈር (ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) እና ቡጢ የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ያሉት ርካሽ ስብስብ መሃሉን ይዘለዋል። ትንንሾቹ ወደ ወፍራሙ ድምፅ መውረድ አይችሉም። ሳብዉፈሩ የነሱን ክፍተት ሊሞላ ሲሞክር ያጓራል። ግጥሙ መሃል ላይ ይጠፋል። ቤዝ ደግሞ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይረብሻል።

እኔ በዚያው ብር ሁለት መካከለኛ ስፒከርና አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር (ለስፒከሮቹ ኃይል የሚሰጠው ማጉያ) ብትገዙ እመርጣለሁ። ስፒከሩ ከታች 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ፣ ከላይ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣ ትንሽ ክብ ይኑረው።

ስትሞክሩ በሻጩ ዘፈን አይሁን። ግጥሙን በቃላችሁ የምታውቁትን አንድ ዘፈን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ኢኳላይዘሩን (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን) ዜሮ አስደርጉት። ድምፁንም ቤት በምትሰሙበት ልክ አስቀንሱት፤ ጮክ ያለ ነገር ሁሌም ያማረ ይመስላልና። ቃሉ ጥርት ብሎ ካልተሰማችሁ ተዉት።

«ስፒከር የትም ቢቀመጥ ያው ነው»

እህቴ ቤት አንዱ ስፒከር ብፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ነበር። ሌላው ከሶፋው ጀርባ መሬት ላይ። «ቤዝ የለውም፣ ልሽጠው ነው» አለችኝ። ሽቦውን ሳየው አንደኛው ስፒከር ላይ ቀይና ጥቁሩ ተገለባብጦ ገብቷል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ኃይሉን አጥፍተን ሽቦውን አስተካከልን። ከዚያ ሁለቱንም ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርገን፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ አስቀመጥናቸው። በመሃላቸው ያለው ርቀት ከነሱ እስከ ሶፋው ካለው ጋር እንዲቀራረብ አደረግን። ዘፈኑን ስንከፍተው ዘፋኙ መሃል ላይ የቆመ መሰለ። እህቴ ሄዳ ቴሌቪዥኑን ነካችው፤ ድምፁ ከሱ የሚወጣ መስሏት ነው። አንድ ብር አላወጣንም።

«ከአሜሪካ የመጣ ይበልጣል»

ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ችግሩ እዚያ መብራቱ 120 ቮልት፣ እዚህ 220 መሆኑ ነው። ለ120 ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር የኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከጀርባው «100-240» የሚል ካለ አትስጉ። የቮልት መምረጫ ካለው ሳትሰኩት በፊት ወደ 220 ወይም 240 አዙሩት። ሁለቱም ከሌለው ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ዋጋውን አብራችሁ አስሉት። የሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። የአንዳንድ አሮጌዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ነው። በ60 ኸርትዝ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) እንዲዞር የተሠራው እኛ ጋ በ50 ሲዞር ዘፈኑ ይጎተታል። ትራንስፎርመር ይሄንን አያስተካክለውም። ዘመድ ከመላኩ በፊት የጀርባውን ፎቶ ላኩልኝ በሉት።

«ብሉቱዝ ድምፅ ያበላሻል»

ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ፋይሉ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ የ64 ኪሎቢት (በጣም ተጨምቆ ያነሰ) ዘፈን በሽቦም ቢሰማ ያው ሻካራ ነው።

«ያገለገለ ስፒከር አይገዛም»

ይገዛል፣ በደንብ ካያችሁት። የፊት ጨርቁን አስወልቁና በትልቁ ክብ ዙሪያ ያለውን ጠርዝ በጣት ቀስ ብላችሁ ንኩት። ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ይበሰብሳል፤ ከተፈረፈረ ጥገና ይፈልጋል። የላስቲክ ከሆነ ብዙ ይቆያል። አብሮት የሚሸጥ አምፕሊፋየር ካለ፣ የድምፅ ቁልፉ ሲዞር ቢንኮሻኮሽ አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። የካሴትና የሲዲ ማጫወቻው ግን ውስጡ የሚንቀሳቀስ ክፍል ስላለው ቶሎ ያረጃል። እዚያው አስጫውታችሁ እዩት፤ ካልሠራ እንደሌለ ቆጥራችሁ ዋጋ ተከራከሩ።