«ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው»፦ ምሳሌውና የሰላዮች ጭንቀት

ሰውየው «ላሜ በቀን ሦስት ሊትር ትታለባለች» ሲል ጎረቤቱ «ኧረ አምስት ነው!» ካለው፣ መልሱ «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» ይሆናል።

ላይ ላዩን ሲሰሙት «በጉዳዬ አትግባ» ይመስላል፤ ሥሩ ግን ጠለቅ ይላል። በቆየው እምነት ቡዳ በሰው ጓዳ፣ በከብቱና በልጁ ላይ ዓይኑን የሚጥል ነው። ባለቤቱ ያልነገረውን የሚያውቅ ሰው «በየት በኩል አየው?» ተብሎ ይጠረጠራል። (ቃሉ አንጥረኞችንና ሸክላ ሠሪዎችን ማግለያ ሆኖ መኖሩ ትልቅ በደል ነው።) የምሳሌው ጥያቄ እንግዲህ «ከየት አወቅህ?» ነው።

ሰላይም የሚፈራው ይህንኑ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 1917 የጀርመኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አርተር ዚመርማን በምሥጢር ቁጥር የተጻፈ ቴሌግራም ዋሽንግተን ላለው አምባሳደራቸው ላኩ። አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ከገባች ሜክሲኮ ከጀርመን ጎን ትሰለፍ፣ ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን ታስመልስ የሚል ነበር። መልእክቱ የተጓዘው አሜሪካ ለጀርመን በፈቀደችው በራሷ የዲፕሎማሲ መስመር ነው። መስመሩ በእንግሊዝ በኩል ያልፋልና የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ምሥጢር ፈቺ ቡድን «ክፍል 40» ጠልፎ ይፈታው ጀመር።

ጭንቀቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቴሌግራሙን ለአሜሪካ ማሳየት «መስመራችሁን እንጠልፋለን» ብሎ መናዘዝ ነው። ጀርመንም ቁጥሩ መፈታቱን ካወቀች ወዲያው ትለውጠዋለች፤ የዓመታት ልፋት ገደል ይገባል።

የባሕር ኃይሉ የስለላ ኃላፊ አድሚራል ሆል መላ ዘየዱ። አምባሳደሩ መልእክቱን ወደ ሜክሲኮ ማስተላለፋቸው ስለማይቀር፣ የሆል ሰዎች ሁለተኛውን ቅጂ ከሜክሲኮ ሲቲ ቴሌግራፍ ቤት እጃቸው አስገቡ። ይህኛው እንግሊዞች ጠንቅቀው በሚያውቁት በቆየ ቁጥር የተጻፈ ነበር። ቀኑና አናቱም ከበርሊኑ ይለያል። በዚህች ትንሽ ልዩነት የተነሳ በርሊን በኋላ ሌባውን የፈለገችው ሜክሲኮ ውስጥ ነው።

ቴሌግራሙ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ለአሜሪካ ተሰጠ፤ ማርች 1 በጋዜጦች ወጣ። የእንግሊዝ ፈጠራ ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። ማርች 3 ግን ባለቤቱ ዚመርማን ራሳቸው እውነት ነው ብለው አመኑ። አሜሪካ በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ጥቃት ሳቢያ ከጀርመን ጋር ያላትን ግንኙነት ቀድማ ፌብሩዋሪ 3 አቋርጣ ነበር፤ ኤፕሪል 6 ጦርነት አወጀች።