«ካልተመታ አያወጣም» እና ሌሎች ስለ ፖሊስ ሥራ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ከመርማሪ ፖሊስነት ወደ ጥብቅና ከተሻገርኩ ወዲህ በጅማ በእድር ስብሰባ፣ በለቅሶ ድንኳንና በቡና ጠጡ መሐል ስለ ፖሊስ ሥራ የሚነሳውን ክርክር ሳልሰማ የዋልኩበት ሳምንት የለም። ሕዝብ ስለ ፖሊሱ መከራከሩ መልካም ነገር ነው፤ የሚያሳዝነኝ ግን ክርክሩ የሚቆምባቸው መሠረቶች አብዛኞቹ ስህተት መሆናቸው፣ ስህተቶቹም ከወሬ አልፈው ንጹሕ ሰው የሚያሳስሩና የተሰረቀ ንብረት ሳይገኝ እንዲቀር የሚያደርጉ መሆናቸው ነው። ከቀላሎቹ እጀምራለሁ።

«ፖሊስ ከሰሰኝ።» ፖሊስ ይመረምራል እንጂ አይከስም። የምርመራ መዝገቡን ተቀብሎ ክስ የሚመሠርተው፣ ተጨማሪ ምርመራ የሚያዝዘው ወይም መዝገቡን የሚዘጋው ዐቃቤ ሕግ ነው።

«ሰው ከጠፋ 24 ሰዓት ሳይሞላው ፖሊስ ማመልከቻ አይቀበልም።» ይህ ከውጭ ፊልም የተወረሰ ይመስለኛል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ የመጠበቂያ ጊዜ አያውቅም። ሕፃን ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ ሲጠፋ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆኑ ወዲያውኑ ወደ ጣቢያ ይሂዱ።

«ፖሊስ ያስራል፣ ፍርድ ቤት ይፈታል።» ይህኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ዳኛው ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ የጠየቀው የጊዜ ቀጠሮ አሳማኝ መሆን አለመሆኑን መርምሮ፣ በ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ሊሰጥ ወይም ተጠርጣሪው በዋስ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ዋስትና በመርህ ደረጃ መብት ነው፤ የሚከለከለው ሕጉ በዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። በዋስ የወጣ ሰው ነጻ አልተባለም፤ ምርመራው ይቀጥላል፣ ክስ ሊመሠረትበት ይችላል፣ በቀጠሮው ካልቀረበም ዋስትናው ይወረሳል። ተጠርጣሪውን ከሁለት ቀን በኋላ ኮቺ ሰፈር ሻይ ሲጠጣ ያየ ጎረቤት ግን «በልተውበት ለቀቁት» ብሎ ይደመድማል። ጉቦ የለም አልልም፤ አለ፣ ሲገኝም ሊጠቆምና ሊያስቀጣ ይገባል፤ ዋስትና ብቻውን ግን የጉቦ ማስረጃ አይሆንም። ሂርማታ ገበያ ሱቁ የተዘረፈበት አንድ ደንበኛዬ ተጠርጣሪው በዋስ መውጣቱን ሲሰማ «ከእንግዲህ ምን አደከመኝ» ብሎ ለምስክርነት መቅረብ አቆመ፤ ዋናው ምስክር እሱ ስለነበር ተከሳሹ በማስረጃ እጦት በነጻ ተሰናበተ። ያንን ሰው የፈታው በተዛባ ግምቱ ተስፋ የቆረጠው የግል ተበዳይ ነው እንጂ ፍርድ ቤቱ አይደለም።

አሁን ብዙ ወደምናገርበት ልምጣ። «ሌባ ካልተመታ አያወጣም።» ይህን አባባል ከነጋዴም ከመምህርም፣ ከወጣትም ከሽማግሌም ሰምቼዋለሁ። ንብረት የተሰረቀባቸው ሰዎች ጣቢያ ሲመጡ በመጀመሪያ ከሚጠይቁት አንዱ «እስካሁን አልነካችሁትም እንዴ?» የሚል ነው፤ አንዳንዱ መርማሪም ይህን ግፊት እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል። ሕጉ አያሻማም። ሕገ መንግሥቱ ማንም የተያዘ ሰው የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንዳይገደድና በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንዳይኖረው ደንግጓል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ደግሞ የተያዘን ሰው የሚያሠቃይ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ወንጀለኛ እንደሆነ ይናገራል፤ ኢትዮጵያም ማሠቃየትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች። ይህን ስናገር የሚመለስልኝ መልስ «ሕጉ የወጣው ለሌባ ነው» የሚል ስለሆነ፣ ሕጉን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌ በሙያው በኩል ልመልስ።

የሚደበደብ ሰው የሚናገረው ዱላውን የሚያስቆምለትን ነገር ነው። ዱላውን የሚያስቆመው ደግሞ እውነቱ ሳይሆን ደብዳቢው መስማት የሚፈልገው መልስ ነው፤ ስለዚህ ጥፋተኛውም ንጹሑም ተመሳሳይ ቃል ይሰጣሉ፣ መርማሪውም ሁለቱን የሚለይበት መንገድ በገዛ እጁ ያጠፋል። ዋጋ ያለው የእምነት ቃል አድራጊው ብቻ ሊያውቀው የሚችል ዝርዝር የያዘና ከሌላ ማስረጃ ጋር የሚገጥም ነው። በዱላ የተገኘ ቃል ውስጥ ያለው ዝርዝር ግን ብዙውን ጊዜ ከጠያቂው ጥያቄ የተቀዳ ነው፦ «በጓሮ በር አይደለም የገባኸው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ፣ በጓሮ በር» ይላል።

ከያዝኳቸው ጉዳዮች አንዱን ልጥቀስ። ከጅማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን ጆንያ በተደጋጋሚ ይጎድል ነበር። ጥርጣሬው ሌሊት በሚጠብቀው ወጣት ላይ አረፈ፤ ፖሊስ ዘንድ ከመድረሱ በፊትም የባለንብረቱ ዘመዶች ደበደቡትና «ሰርቄያለሁ» አለ። ቡናውን ለማን እንደሸጠ ሲጠየቅ የአንድ ሰው ስም ጠራ፤ ያ ሰው በተባለው ጊዜ ጅማ አልነበረም። እንደገና ሲመታ ሌላ ስም ጠራ፤ ያም ሐሰት ሆነ። ጥብቅናውን ስይዝ የጠየቅሁት የመኪና ሚዛን ደረሰኞችና የመጋዘኑ ወጪ መዝገብ ጎን ለጎን እንዲታዩ ነበር፤ ሲነጻጸሩ ጉድለቱ የተፈጠረው ጭነት በሚወጣባቸው ቀናት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ጠባቂው ተረኛ ባልነበረበት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ ተለቀቀ፤ አንድ ጆሮው ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማለትም። ባለንብረቱም ቢሆን ተጎዳ፤ ሁሉም ሰው ጠባቂው «አመነ» ብሎ በተቀመጠባቸው ሳምንታት ውስጥ እውነተኛው አድራጊ የቀሩትን ሰነዶች የሚያጠፋበት ጊዜ አግኝቶ ነበርና ጆንያዎቹ አልተመለሱም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1974 በበርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች ላይ ለደረሰው የቦምብ ፍንዳታ ስድስት ሰዎች በ1975 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ አራቱ በድብደባ ተገደን ፈረምነው ያሉት የእምነት ቃል የክሱ ዋና ምሰሶ ነበር። ፍርዱ ተሽሮ የወጡት በ1991 ነው። ዱላ ባይኖርም እንኳ የተራዘመ ማስጨነቅ ብቻውን ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ1989 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ በአንዲት ሴት ላይ በደረሰ ጥቃት የተያዙ አምስት ታዳጊዎች ከብዙ ሰዓት ጥያቄ በኋላ ራሳቸውን የሚወነጅል ቃል ሰጥተው ታሰሩ፤ በ2002 ግን ሌላ ሰው ድርጊቱን ማመኑና የዲኤንኤ ምርመራውም ከእሱ ጋር መግጠሙ ሲረጋገጥ ፍርዳቸው ተሰረዘ። በአሜሪካ በዲኤንኤ ንጹሕነታቸው ከተረጋገጠላቸው ከ300 በላይ ፍርደኞች መካከል ከሩብ የማያንሱት ያልፈጸሙትን አምነው ነበር።

እንግሊዞች ከዚያ ውርደት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የምርመራ ዘዴያቸውን ለወጡ። አዲሱ ዘዴ የእምነት ቃልን አያሳድድም፤ መርማሪው አስቀድሞ ማስረጃ ይሰበስባል፣ ተጠርጣሪው የዋለበትንና ያደረበትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ እንዲናገር ይተወዋል፣ ከዚያም የተናገረውን ከስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ ከደረሰኝና ከምስክር ጋር ያመሳክራል። የሚዋሽ ሰው ብዙ በተናገረ ቁጥር የሚጣራ ነገር ይሰጣል። ይኸው አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ2021 የሜንዴዝ መርሆዎች በሚል ስም በዓለም አቀፍ ደረጃ ተጽፎ ወጥቷል። «ለደሃ አገር አይሆንም» የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ዘዴው ግን ከምንም በላይ የሚፈልገው ትዕግሥትና ማስታወሻ ደብተር ስለሆነ ይህን ሰበብ አልቀበለውም።

በመንገድ ላይ «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ የሚወርደው ድብደባም የዚሁ አመለካከት ልጅ ነው። ማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ ያገኘውን ወንጀል አድራጊ መያዝ ይችላል፤ ይህን ሕጉ ፈቅዷል። ወዲያው ቀጥሎ ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክብ ያዛል። ከመያዝ አልፎ የደበደበ ሰው በአካል ጉዳት፣ የተያዘው ከሞተም በግድያ ይጠየቃል። በአንድ ስልክ ሌብነት ምክንያት ደብዳቢው ከሌባው የከፋ ክስ ይዞ ቢሮዬ ሲመጣ ማየት ሰልችቶኛል።

«በየመንገዱ ፖሊስ ቢሞላ ወንጀል ይጠፋል።» በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 በተደረገው ታዋቂ ሙከራ በአንዳንድ አካባቢዎች መደበኛው የፓትሮል ጉዞ ቆመ፣ በሌሎች ሁለትና ሦስት እጥፍ ተደረገ፤ በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ፍርሃት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ወንጀል በጥቂት ቦታዎችና ሰዓቶች የሚከማች መሆኑንና ኃይልን እዚያ ላይ ማሰባሰብ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ ነው። በየፖሊሱ ደረት ላይ ካሜራ ማንጠልጠልም መድኃኒት ተደርጎ ይነገራል፤ በዋሽንግተን ከሁለት ሺህ በላይ ፖሊሶችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት ግን ካሜራው በኃይል አጠቃቀም ላይ ጉልህ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል።

«ቃሌ የተጻፈው በማላውቀው ቋንቋ ስለሆነ ምን አደርጋለሁ?» ይህ በከተማችን አማርኛ ብቻ ከሚችሉ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ነው። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ መዝገብ በዚያ ቢጻፍ ተገቢ ነው። ሆኖም የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ ካላወቀ አስተርጓሚ ይመደብለታል፤ በፍርድ ቤትም መንግሥት ከፍሎ ያስተረጉምለታል። አፍሮ ዝም ማለት ነው ስህተቱ። ሳይነበብልዎ አይፈርሙ።

«ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ማለት ጆሮ ጠቢ ማለት ነው።» አይደለም፤ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ሐሜት እንዲያቀብል ማንም አይጠበቅበትም። የሚጠበቅብን ማስረጃውን አለማጥፋት ነው። ቤትዎ ተሰብሮ ካገኙት ለማጽዳት አይቸኩሉ፣ የተሰበረውን ቁልፍ በእጅዎ አይንኩ፣ የሰፈሩን ሰው «ና እይ» እያሉ ወደ ክፍሉ አያስገቡ፤ በሩን ዘግተው ለፖሊስ ይደውሉ። ምን እንደጠፋ ከማስታወስ ሳይጠፋ ይጻፉ፣ ደረሰኝ ካለ ያያይዙ። ስልክዎ ላይ *#06# ሲጫኑ የሚወጣውን መለያ ቁጥር ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ጽፈው ያስቀምጡ። ባጃጅ ያለው ሰው የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ኮፒ ጋር ቤቱ ያኑር፤ ሊብሬውን ባጃጁ ውስጥ ትቶ የተሰረቀበት ሰው ቁጥሩን ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ባጃጁ በአጋሮ ወይም በሰርቦ መንገድ ከከተማ ይወጣል።