«ፈርስት ኮፒ» ምንድን ነው?

«ፈርስት ኮፒ ማለት ከኦርጅናሉ ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ ነው። የሚለየው ዋጋው ብቻ ነው።» ይህን አባባል ሐዋሳ ፒያሳ ባሉ ቡቲኮችም፣ በቴሌግራም ሽያጭም ስሰማው ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ሰው የፋሽን አዋቂ ነኝ ብሎ በቪዲዮ ይህንኑ ሲያስተምር አየሁ። ከሥሩ ብዙ ሰው አመስግኖታል። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት ስለሠራሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፈርስት ኮፒ የጥራት ደረጃ አይደለም። ደረጃ ለመባል የሚለካ ሰው፣ መለኪያ፣ የሚያልፍና የሚወድቅ ዕቃ መኖር አለበት። እዚህ ማንም ምንም አልለካም። ስሙን የሚያወጣው ሻጩ ነው። አንዱ ሱቅ ፈርስት ኮፒ ያለውን ጫማ ጎረቤቱ «ኖርማል» ይለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ «የቱርክ ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል። ሦስቱም ከአንድ ካርቶን የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ሰው ኮፒን የሚያስበው እንደ ቡና ነው። ኦርጅናሉ አቦል፣ ፈርስት ኮፒ ቶና፣ ሰከንድ ኮፒ በረካ። እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ ቡናውም ጀበናውም ያው ነው ብሎ ያምናል። እንደዚያ ቢሆንማ እኔም ቶናውን እገዛ ነበር። ኮፒ የሚሠራው ሰው ግን ጀበናው አጠገብ አልደረሰም። ያየው ስኒው ውስጥ ያለውን መልክ ብቻ ነው። ያንን መልክ ለማምጣት ገብስ ቆልቶ ሊያፈላም ይችላል። ይጠቁራል፣ ይጨሳል፣ ስኒውም ያምራል። ቡና ግን አይደለም።

ከእውነተኛው ጀበና፣ ማለትም ከኦርጅናሉ ፋብሪካ፣ የሚቀዳ ርካሽ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ። አንዱ ትርፍ ምርት ነው። ፋብሪካ የታዘዘውን ያህል ብቻ ቆርጦ አይሰፋም፤ የሚበላሽ ስለሚኖር ትንሽ ጨምሮ ይቆርጣል። የሚበላሸው ካነሰ የተረፈ ስኒ ይኖራል። ሌላው ውድቅ የተደረገ ዕቃ ነው፤ ከዚያው ጀበና የተቀዳ፣ ግን አተላ የገባበት። ሦስተኛው ሰልባጅ ነው። ሰልባጅ የቀዘቀዘ አቦል ነው። ቢቀዘቅዝም ቡና ነው። ብዙ ታጥቦ ቅርጹን ያልለቀቀ የሰልባጅ ጃኬት ካገኛችሁ፣ ፈተናውን ያለፈ ዕቃ አገኛችሁ ማለት ነው። አዲሱ ኮፒ ገና አልተፈተነም።

ትርፍ ምርትን ከኮፒ የምትለዩበት ቀላል መንገድ አለ። ትርፍ ምርት የተሟላ ሆኖ አይገኝም። አንዱ ልክ ይኖራል፣ ሌላው የለም። አንዱ ቀለም ይበዛል፣ ሌላው አልቋል። ሻጩ ከ38 እስከ 45 በሁሉም ቀለም ካቀረበላችሁ፣ ባለቀ ቁጥርም «ነገ ይመጣል» ካለ፣ ያ ከፋብሪካ የተረፈ አይደለም። ለኮፒ ተብሎ የሚመረት ነው።

እኛ ከተማ ይህ ወሬ ቶሎ የሚታመንበት ምክንያት አለው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቅ ተስፋ ከተጣለባቸው ኩባንያዎች አንዱ ፒቪኤች ነበር፤ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ወጣች። ብዙ የከተማችን ልጅ በእጁ የውጭ ብራንድ ሰፍቷል። ስለዚህ «የፓርኩ ነው» የሚለው ቃል ጆሮ ያገኛል። ግን አስቡት። ፓርኩ የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ነው። «የፓርኩ ጉቺ ቦርሳ» ወይም «የፓርኩ ናይክ ጫማ» የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ልብሱም ቢሆን፣ የብራንዱ ስም ያለበት ሌብል ወደ ስፌት መስመር የሚገባው በቁጥር ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ተሰፋ፣ ስንት ቀረ ይባላል። ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ያቺ ትንሽ ጨርቅ ናት።

ያ የቪዲዮው ሰውዬ ሌላም ነገር ብሏል። «ብራንድ የሚባለው ሲሰፋ ዋጋው ኢምንት ነው፤ የቀረው የስም ክፍያ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። የአንድ ቲሸርት የማምረቻ ዋጋ ከመሸጫው ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። ማስታወቂያው፣ የሱቁ ኪራይ፣ ትርፉ ሁሉ ገዢው ላይ ይጫናል። ከዚህ ተነስቶ ግን «ኮፒው የስሙን ክፍያ ብቻ ነው የቀነሰው» ማለት አይቻልም። ኮፒ ሠሪው ከማምረቻው ላይም ይቀንሳል። እንዲያውም ገንዘቡን የሚያወጣው በሚታየው ላይ ነው፤ አርማው፣ ታጉ፣ ካርቶኑ። የሚቆጥበው በማይታየው ነው። ክሩ ይሳሳል። ኮሌታ ውስጥ የሚገባው ማጠንከሪያ ርካሽ ስለሆነ ሲታጠብ ከጨርቁ ይላቀቃል፣ ኮሌታውም አረፋ ያወጣል። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ተዘርግቶ ማረፍ ሲገባው አያርፍም፤ ስለዚህ ከታጠበ በኋላ የጎኑ ስፌት ተጣምሞ ወደ እምብርት ይመጣል። ይህን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቦርሳ ላይ ደግሞ የበለጠ የሚያናድድ ነገር አለ። ሻጩ የሉዊ ቪቶን ኮፒ ይዞ «ንጹህ ቆዳ ነው፣ ስለዚህ ፈርስት ኮፒ ነው» ይላል። ያ በፊደልና በአበባ የተሞላው የታወቀው ቦርሳ ገላው ቆዳ አይደለም። የተቀባ የጥጥ ሸራ ነው። ቆዳው እጀታውና ጠርዙ ላይ ነው፤ እሱም ሲገዛ ነጣ ያለ ሆኖ በፀሐይና በእጅ ንክኪ እየጠቆረ የሚሄድ ነው። ንድፉን ዦርዥ ቪቶን እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣው አስመስለው የሚሠሩ ሰዎችን ለመከላከል ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚገለበጡት አንዱ እሱ ነው። ሻጩ ቆዳነቱን የጥራት ማስረጃ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ኦርጅናሉን አይቶ እንደማያውቅ እየነገራችሁ ነው። ናይክ ላይ ያለው «ሜድ ኢን ቬትናም» የሚል ጽሑፍም ማስረጃ አይሆንም። ናይክ ብዙ ጫማ ቬትናም ውስጥ እንደሚያሠራ እውነት ነው፤ ኮፒ ሠሪውም ያውቃል።

ታዲያ ልብሱን እንዴት እንየው? አርማውን ተዉትና ገልብጡት። ከስፌቱ ውስጥ የተረፈውን ጨርቅ እዩ፤ በጣም ከተቆጠበ ስትቀመጡ ይተረተራል። ስፌቱን በሁለት እጅ ለጠጥ አድርጉት፤ ክሩ እንደ መሰላል ከታየ ላላ ብሎ ተሰፍቷል። ነጭ መሐረብ አርጥባችሁ ጥቁሩን ወይም ቀዩን ቦታ እሹት፤ ቀለም ከያዘ ሌላውንም ልብሳችሁን ያበላሻል። ባለመስመር ሸሚዝ ከሆነ የደረት ኪሱ መስመር ከገላው መስመር ጋር መግጠሙን እዩ። መስመሩን ማጋጠም ጨርቅና ጊዜ ይበላል፤ ቆጣቢ ሰው አያደርገውም።

እዚህ ላይ ግን የሥራ ባልደረቦቼ እንዳይቆጡኝ ልጨምር። ስፌት ጥቅጥቅ ማለቱ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ስስ ጨርቅ ላይ የመርፌው መውጊያ ሲበዛ መርፌው ራሱ ጨርቁን ይበጣጥሰዋል። ኦርጅናል ሁሉ እንከን የለውም ማለትም አይደለም። ምርመራ የሚደረገው በናሙና ነው። ከ1,201 እስከ 3,200 ፍሬ ላለው ጭነት፣ በተለመደው አሠራር 125 ፍሬ ይወጣል። በብዛት በሚሠራበት 2.5 በሚባለው የጉድለት መመዘኛ፣ ከነዚህ እስከ 7 ድረስ ከባድ ጉድለት ቢገኝ ጭነቱ ያልፋል፤ 8 ከሆነ ይወድቃል። ስለዚህ ከኦርጅናል ሱቅም ቁልፉ የላላ ሸሚዝ ሊደርሳችሁ ይችላል። ልዩነቱ ኦርጅናሉን አንድ ሰው ሊጥለው ይችል ነበር፤ ኮፒውን የሚጥል የለም።

መግዛት ያዋጣል ወይ? «አርማው ባይኖርበት በዚህ ዋጋ እገዛዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ከሆነ ግዙት፤ የከፈላችሁት ለልብሱ ነው። አይ ከሆነ የከፈላችሁት ለተሰፋች ስም ነው፣ ያቺም ስም የውሸት ናት። እኔ በበኩሌ ቅርጹን ብቻ የወሰደ፣ የማንንም አርማ ያልለጠፈ ልብስ እመርጣለሁ። ሠሪው ለአርማና ለካርቶን የሚያወጣውን ጨርቁ ላይ የማዋል ዕድል አለው። አንድ ጎበዝ የሰፈር ልብስ ሰፊም ያንን ቅርጽ በልካችሁ ሊሠራላችሁ ይችላል። የተመዘገበ የንግድ ምልክትን አስመስሎ መሸጥ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተከለከለ ነው፤ ሻጮችም ሊያውቁት ይገባል።

በሁለት ነገር ግን አልደራደርም። አንዱ የፀሐይ መነጽር ነው። የጠቆረ መስታወት ብሌናችንን ያሰፋዋል፤ አልትራቫዮሌትን የማያግድ ከሆነ ያለ መነጽር ከመሄድ የባሰ ጨረር ሊያስገባ ይችላል። ሌላው የልጅ ልብስ ነው። ለትልቅ ብራንድ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ቁልፎች በመሣሪያ ተስበው ይፈተናሉ፤ የተሰበረ መርፌ ውስጡ እንዳይቀር ልብሱ በብረት መፈለጊያ ማሽን ያልፋል። ኮፒው ይህን ለማለፉ ምንም ዋስትና የላችሁም። ስለዚህ ለልጅ ስትገዙ እያንዳንዱን ቁልፍ በጣታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት፤ የተነቀለ ካለ እዚያው ተዉት። በስፌቱም ላይ፣ በተለይ በኪሱና በወገቡ ዙሪያ፣ በሁለት ጣት እየተጫናችሁ ሂዱ። የሚወጋ ነገር ካለ ይገኛል።